ለጎረቤት ትኵሳት ተጠያቂው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ባልንጀራውን በድንጋይ ቢመታ ያደረገውን ያውቃል፤ የተመታውም መቺውን ያውቃል፤ ዳኛም ተቀምጦ ምስክር ይሰማል፥ ካሣም ይቈርጣል። ዳሩ ግን አንድ ሰው በደጁ ውኃ ቢያስቀምጥ፥ በውኃውም ውስጥ ትንኝ ብትፈለፈል፥ ያችም ትንኝ በሦስተኛው ቤት የተኛውን ሕፃን ብትነድፈውና ሕፃኑ በንዳድ ቢሞት፥ የሞቱ ዕዳ በማን ላይ ይጻፋል? ባለውኃው ሕፃኑን አልጠላውም፤ ምናልባትም ስሙን አያውቅም። ውኃውንም ያስቀመጠው ለመጠጥ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። እንግዲህ ክፉ ሐሳብ ከሌለ በደል የለም እንበልን? ወይስ ሰው ሳያስበው የሚሠራው፥ ነገር ግን የሚጠየቅበት በደል አለ?

ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ጨዋታ የቀረበ እንዳይመስልህ። በአዋሽ ሸለቆ ባሉት በሁለቱ የአፋር ከተሞች፥ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ፥ ከየቤቱ ደጅ የቆመ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ከመከራከር ይልቅ ወደዚያ ወርደን ነገሩን ብንመረምር ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከምድር ባቡር ጋራ የተወለደች ከተማ ናት። ሰመራ ግን ታናሽ እኅት ናት፤ የአፋር ክልል መንግሥት መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እርስዋ የተዛወረው በቅርብ ዘመን ነው፤ የቆመችውም ከሎግያ አጠገብ፥ ጥቍር ድንጋይ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኛቸው ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው ጐዳና ነው፤ በእርሱም ላይ ቀንና ሌሊት ከባድ መኪና ይመላለሳል። በሰመራ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር ውኃ ከእንጀራ ይቀድማል፤ በቤቱ ውኃ ሳያስቀምጥ የሚያድር ሰው ቢኖር ወይ ባለጸጋ ነው ወይ ሞኝ ነው።

ከጥንት ጀምሮ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ንዳድ የዝናምና የረግረግ በሽታ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ፥ ዝናም ያቈረው ውኃ በየጕድባው ሲተኛ፥ ቈለኛው ይታመማል። ከተማ ግን ከሞላ ጐደል መሸሸጊያ ነበረች፤ ጠጠርና ሲሚንቶ፥ ቆርቆሮና አስፋልት ለወባ ትንኝ አይመቹም ይባል ነበር። ይህ እምነት ሐሰት አልነበረም፤ ለነባሮቹ ትንኞች እውነት ነበር። አሁን ግን ሌላ ትንኝ መጥታለች። ሊቃውንት አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ይሏታል፤ ስሟ ለአፍ ስለሚከብድ እኔ አዲሲቱ ትንኝ እላታለሁ። አገሯ ሕንድና በፋርስ ባሕር ዙሪያ ያለው ምድር ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል ይበቃታል። በገንዳ፥ በውኃ ታንከር፥ ለሕንፃ ሥራ በተቈፈረ ጕድጓድ፥ ንጹሕ በሆነው በመጠጥ ውኃህ ውስጥ ትፈለፈላለች። ዝናምም አትጠብቅም፤ ሰው በበጋ ውኃ ሲያከማች እርስዋ ቤት አገኘች ማለት ነው።

በጅቡቲ በ2012 ተገኘች። በዚያው ዓመት በዚያች ታናሽ አገር የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን ከ73,000 በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ በእርስዋ ብቻ ነው ብሎ መማል አይገባም፤ ነገር ግን ጥርጣሬው ጽኑ ነው። በእኛም አገር በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ታየች፤ ከ2018 ጀምሮ በተደረገው ፍለጋ በሰመራም በአዋሽ ሰባት ኪሎም ተቀምጣ ተገኘች። በ2019 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሊቃውንትና ባልንጀሮቻቸው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው ሠራሽ የውኃ ማከማቻዎችን እየዞሩ መረመሩ፤ እጮችዋን ሰብስበው አሳደጉ፤ ካደጉም በኋላ የወባ ሕመምተኞችን ደም አጠጧቸው። ሁለቱም የወባ ዓይነቶች፥ ፋልሲፓረም የሚባለውም ቫይቫክስ የሚባለውም፥ በሰውነትዋ ውስጥ አደጉ። ይህ ውጤት በ2021 ታተመ። ከዚያ በኋላ «ትንኝዋ መጥታለች እንጂ በሽታ አታስተላልፍም» ብሎ መጽናናት የሚችል ሰው አልቀረም።

በርሜሉም የአንዲት ትንኝ ቤት ብቻ አይደለም። ደንጊ የሚባለውን፥ አጥንትን እንደ መስበር የሚያሳምመውን ትኵሳት የምታስተላልፈው ሌላይቱ ትንኝ፥ ኤደስ፥ በዚያው ዓይነት ዕቃ ትራባለች። እርስዋ የምትነድፈው በቀን ነው፤ አዲሲቱ ትንኝ ግን ከምሽት ጀምራ ነው። ደንጊ በኢትዮጵያ በ2013 በድሬዳዋ ታወቀ፤ በ2019 በአፋር በገዋኔ፥ በ2023 ደግሞ በሚሌና ሰመራ ከአጠገቧ በምታያት በሎግያ ተነሥቶ በሺህ የሚቈጠር ሰው አሳመመ። እንግዲህ አንድ ክፍት በርሜል ለቀኑ አንድ ጠላት፥ ለሌሊቱ ሌላ ጠላት ያሳድጋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በርሜሉን ክፍት የተወ ማን ነው?

አንደኛዋን ተመልከት። ከጎረቤትዋ በሚጋሩት ግቢ የምትኖር እናት ናት። ቧንቧው ዛሬ ይመጣል፥ ነገም ሊጠፋ ይችላል፤ መቼ እንደሚመለስ የነገራት የለም። ስለዚህ በመጣ ጊዜ በርሜሉንም፥ ጀሪካኑንም፥ ድስቱንም ትሞላለች፤ ቧንቧው በዘገየ ቍጥር ውኃው በቤትዋ ይቈያል፤ ውኃው በቈየ ቍጥር ትንኝ ታድጋለች። በዚያ ሙቀት ከእንቍላል እስከ ክንፍ ለመድረስ ከሳምንት እምብዛም አያልፋትም። ይህችን ሴት «አንቺ በሽታ ዘራሽ» ብሎ መክሰስ ቀላል ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ክስ ስሰማ አፍራለሁ። ውኃ ያከማቸችው ስንፍና ይዟት አይደለም፤ አሳቢ እናት ስለ ሆነች ነው። ጥፋቱ የተወለደው ከትጋትዋ ነው፤ ትጋቷንም ወደ ጥፋት የለወጠው ሌላ ሰው የሠራው ነገር ነው፥ ወይም ሊሠራው ሲገባ የተወው ነገር ነው።

ሁለተኛው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው። ሰመራ በሙሉ አዲስ ከተማ ስለ ሆነች ሕንፃ አላጣችም። ለሲሚንቶ የሚሆን ውኃ በጕድጓድ ያቈራል፤ ላስቲክ አንጥፎ ይሞላዋል፤ ሥራው ሲቆም ወይም ገንዘቡ ሲዘገይ ጕድጓዱ እንዳለ ይቀራል። ይህ ሰው ልጆቹን በደጋ ያሳድግ ይሆናል። ውኃውን ክፍት በመተዉ ያተረፈው የግማሽ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው። የእርሱን ጕድጓድና የእናቲቱን በርሜል በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጕደል አይደለምን? ሁለቱም ውኃ ክፍት ትተዋል፤ ነገር ግን አንደኛዋ ከድህነት፥ ሁለተኛው ከቸልታ ነው። አንደኛዋ ባትከድነው ልጆችዋ ቀድመው ይታመማሉ፤ ሁለተኛው ባይደፍነው የሚታመሙት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው በወንበር የተቀመጠው ነው፤ ቧንቧው ወዴት እንዲዘረጋ፥ ቦቴው በየትኛው ቀን ወደ የትኛው ሰፈር እንዲሄድ የሚያዝ ሹም። እርሱ በእጁ በርሜል አልነካም። እጁ ንጹሕ ስለ ሆነ ግን ከክስ ያመለጠ አይምሰለው፤ ለምን እንደ ሆነ የሸለቆው ታሪክ ራሱ ያስረዳል።

የአዋሽ ወንዝ በአዲስ አበባ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል። የአፋር ከብት አርቢ ከዚህ ወንዝ ጋራ የኖረበት ሥርዐት ነበረው፤ ክረምት ሲገባና ወንዙ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ እንደ አላይደጊ ወዳለ ወደ ደረቅ ሜዳ ይወጣ ነበር፤ በጋ ሲጠና ደግሞ ወደ ወንዙ ሣር ይመለስ ነበር። ይህም ከጎርፍ ብቻ ሳይሆን ትንኝ ከሚበዛበት ዳርቻም በክፉው ጊዜ ያርቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1961 ሚቸል ኮትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ አቆመ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጥጡ በቀለ፥ ስኳሩም ተጨመቀ። በመስኖው ቦይ ግን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ተራባ፤ ወባም በመስኖው ዳር ዓመት ሙሉ ቤት አገኘ። ጥጥ ለመልቀም ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ደሙ ወባን አያውቀውም ነበርና እንደ ቅጠል ረገፈ። አፋሩም የበጋ ሣሩን ስለ ተነጠቀ፥ በ1972 እና በ1973 ድርቅ በመጣ ጊዜ የሚሸሽበት ስፍራ አጣ፤ ከብቱ አለቀ፥ እርሱም ተራበ። የተራበ ሰውነት ደግሞ ለበሽታ ሁሉ በሩ ክፍት ነው።

ይህን ያመጣሁት እርሻን ለመርገም አይደለም፤ ሕዝብ ልብስና እንጀራ ያስፈልገዋል። ያመጣሁት አንድ ነገር እንድታስተውል ነው፤ ውኃው በየት እንዲሄድ በወረቀት ላይ መሥመር ያሰመሩት ሰዎች በንዳድ አልታመሙም። የታመሙት መሥመሩን ከቶ ያላዩት ናቸው። በእንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አንድም ሰው «ልግደል» አላለም፤ ግን ሰው ሞቷል። ይህን የሞት ዓይነት የሚዳኝ ሕግ ገና በሚገባ አልጻፍንም፤ ልማዳችንም ስም አላወጣለትም።

እንኳን ትርፍ ፍለጋ፥ ደግ ሐሳብም ያለ ጥንቃቄ ያሳስታል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው፤ በረሃውን ያለማል፥ ጥላም ይሰጣል ተብሎ ነበር። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ የአፋር ምድር ይዟል፤ ሣሩን አጥፍቶ፥ መንገዱን ዘግቶ፥ አርቢውን ወደ ከተማ ዳር ገፍቶታል። በማሊ በተደረገ ምርመራ ደግሞ የዚሁ ዛፍ አበባ ለወባ ትንኝ ማር እንደሚሆናት፥ አበባው ከመንደር ሲቈረጥም የትንኝ ቍጥር እጅግ እንደ ቀነሰ ታይቷል። የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን «ለደግ አስበን ነበር» ማለት የጠየቁትን ሰው ይመልሳል እንጂ እሾኹን አይነቅልም።

እንግዲህ ከሰው አፍ የምንሰማቸውን ሁለት መልሶች እንመርምር። አንደኛው «የመጣው ከላይ ነው፥ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ትዕግሥት ለተቀበለው መከራ መልካም ነው፤ ሊከላከለው ለሚችለው መከራ ግን ትዕግሥት ሌላ ስም አለው፤ ስንፍና ይባላል። ደግሞም ይህን ቃል አብዝቶ የሚናገረው የታመመው አይደለም፤ ሊጠየቅ የሚፈራው ነው።

ሁለተኛው መልስ የባሰ ነው፤ «ያመጡብን እንግዶች ናቸው» የሚለው። የከተማው ሰው በሾፌሩ፥ ሾፌሩ በቀን ሠራተኛው፥ ሁሉም በከብት አርቢው ጣቱን ይቀስራል። እርግጥ ነው፥ ንግድ ዕቃ ብቻ አያጓጕዝም። አዲሲቱ ትንኝ በመርከብ ወደ አፍሪካ ቀንድ እንደ ደረሰች፥ ከወደቡም በንግድ መንገድ ወደ ውስጥ እንደ ገባች ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ የዘርዋም ምርመራ ወደ ደቡብ እስያ ያመለክታል። ነገር ግን መርከቡ የተጫነው ለማን ነው? ስንዴው፥ ነዳጁ፥ ብረቱ፥ ልብሱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ደጋው የሚወጣው ለእኔና ለአንተ አይደለምን? የጐዳናውን ትርፍ ለራሳችን ቈጥረን፥ ትኵሳቱን ለሾፌሩ ቈጥረን ልንሰጠው አይገባንም። አፋሩን በሚመለከት ደግሞ ክሱ እጅግ ያሳፍራል። በእግሩ የሚሄድ፥ ከምንጣፍና ከእንጨት የተሠራውን ቤቱን በግመል የሚጭን ሰው፥ ውኃ በበርሜል አላቈረም፤ ወደ በርሜል ኑሮ ያመጣነው እኛ ነን።

አንዳንድ ጊዜም ከሰው ሁሉ በላይ ምድር ራስዋ ታስገድዳለች። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ በሸራ መጠለያ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ውኃ የሚጠጣው ከተጓጓዘ ታንከርና ከተከማቸ ዕቃ ነው። ርዳታ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይህን ያስብ፤ ክዳን የሌለው ዕቃ የሰጠ ሰው ግማሽ ስጦታ ሰጥቷል።

አሁን አንተ እንዲህ ትለኝ ይሆናል፤ «በደሉ በሹሙና በተቋራጩ ላይ ከሆነ፥ እኔ በርሜሌን ብከድን ባልከድን ምን ይለወጣል? ጎረቤቴ ክፍት ከተወው የእኔ ክዳን ምን ይረባል?» ይህን ቃል በንቀት አላልፈውም፤ ብዙ ቅን ሰዎች የሚሰናከሉበት ቃል ነውና። በድሬዳዋ በ2022 የሆነውን ስማ። በከተማዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የታመሙት 205 ነበሩ፤ በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ብቻ ከ2,400 በለጡ። መርማሪዎች የታመሙትን ሰዎች ቤትና የጎረቤቶቻቸውን ቤት አንድ በአንድ በዞሩ ጊዜ፥ ወባው በከተማዋ ሁሉ እኩል የተበተነ አልነበረም፤ በሕመምተኞች ቤት ዙሪያ ተሰብስቦ፥ ይልቁንም አዲሲቱ ትንኝ በአቅራቢያው በተገኘችበት ስፍራ በርትቶ ተገኘ። ትንኝዋ ራስዋም የወባውን ተውሳክ ይዛ ተያዘች። ስለዚህ የአንተ በርሜል በከተማ ስፋት ጠብታ ቢመስልህም፥ በጎረቤትህ ሕፃን አልጋ ስፋት ግን ታላቅ ነገር ነው። ሰው ለዓለም ሁሉ መድኀኒት መሆን አይችልም፤ ለሦስት ግቢ መሆን ግን ይችላል።

በዚህ ላይ የሹሙ ጥፋት የአንተን ጥፋት አያጥብልህም፤ የአንተም ጥፋት የሹሙን አያጥብለትም። እኔ የምይዘው ሚዛን እንዲህ ነው፤ ሰው የሚጠየቀው ባወቀው መጠንና በቻለው መጠን ነው፤ ከጕዳቱ ያተረፈም ከሆነ ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ትናንት ትንኝዋን ያላወቀ ሰው ትናንት አልበደለም። ዛሬ ያወቀ ግን ዛሬ ተጀመረበት። አንተም እነሆ እዚህ ድረስ አንብበሃልና ከማያውቁት ወገን አይደለህም።

ሕግ በግድ ያስከድን እንደ ሆነስ? ይህም ተሞክሯል። በሕንድ አገር በቦምቤ ከተማ በ1911 ቤንትሊ የሚባለው ሐኪም የወባው ምንጭ የየቤቱ የውኃ ጕድጓድና ገንዳ መሆኑን መርምሮ ገለጠ፤ ያችም ትንኝ ይህችው የእኛ አዲሲቱ ትንኝ ነበረች። የከተማው ሹማምንት ጕድጓዶቹ እንዲዘጉ ወይም እንዲከደኑ አዘዙ። ብዙ ባለቤቶች ግን «ውኃችን ለጸሎታችን ፀሐይ ሊያየው ይገባል» ብለው ተቃወሙ። አንዳንዱ ጕድጓድ በወንፊት ሽቦ እንዲከደን ተፈቀደ፤ ብርሃን ይገባል፥ ትንኝ አትገባም። ይህ ታሪክ የሚያስደስተኝ፥ ትእዛዝና ክርክር ተጋጭተው በመጨረሻ ወንፊት በመገኘቱ ነው። በእኛም ከተማ ትእዛዝ ብቻውን ወደ ቤት ቢገባ በርሜሉ ይደበቃል እንጂ አይከደንም።

የቤት ለቤት መድኀኒት ርጭት ይበቃል የሚሉም አሉ። አይበቃም። በኢትዮጵያ የተገኘችው አዲሲቱ ትንኝ ብዙ ጊዜ የሚረጩትንና በአጐበር የሚነከሩትን መድኀኒቶች ትቋቋማለች፤ ደግሞም ሰው በሚተኛበት ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ አታርፍም፤ በአዋሽ በከብትና በፍየል ጋጣ ስታርፍ ተይዛለች። አጐበሩን ግን ከዚህ የተነሣ አትጣለው፤ የከበደው ጦርነት ብዙ ጋሻ ይፈልጋል።

ስለ ትኵሳት ዝምታ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። አፋር ዳጉ የሚባል የከበረ ሥርዐት አለው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናም የት እንደ ጣለ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ሰላም እንዳለ ወይም እንደሌለ፥ በሰውና በከብት ላይ ምን በሽታ እንደ ታየ። የሚነገረውም እውነት ሊሆን ይገባዋል፤ ውሸት የጨመረ ሰው ይዋረዳል። ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ እስከ ሩቅ ይደርሳል። በዚህ ሥርዐት የበሽታን ወሬ መደበቅ ባልንጀራን መዝረፍ ነው።

በከተማ ግን እንዴት እናደርጋለን? የቀን ሠራተኛው ትኵሳቱን ይደብቃል፤ ቢናገር የዕለት እንጀራው ይቀርበታልና። ባለ ሆቴሉ ይደብቃል፥ እንግዳ እንዳይሸሽበት። አንዳንዱ ሹም ይደብቃል፥ መዝገቡ እንዳይከፋበት። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ሠራተኛው መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ የጉዞ ገንዘብ ሰጥቶ ወደ አገሩ የሚሸኘው አሠሪ አለ፤ ራሱንም ለጋስ አድርጎ ይቈጥራል። ያ ሰው በደሙ ውስጥ ተውሳኩን ይዞ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ በደረሰበትም ያች ትንኝ ብትኖር ከእርሱ ቀድታ ለሌላው ታካፍላለች። አሠሪው ለጋስነቱን በጤና ጣቢያ ካርድ ቢያሳይ፥ እስኪድንም ድረስ ደመወዙን ቢከፍል ያን ጊዜ አምነዋለሁ። የታመመውም ቢሆን የተሰጠውን መድኀኒት ግማሹን ውጦ ግማሹን ለወንድሙ አያስቀምጥ፤ እንዲህ ማድረጉ ፍቅር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሁለቱንም አያድንም፥ በሽታውንም መድኀኒት የማይደፍረው ያደርገዋል። በድሬዳዋ የተገኘው ተውሳክ መድኀኒትንም የደም ምርመራንም የማምለጥ ምልክት ይዞ ነበር።

አሁን ከተግባሩ ልጨርስ። ውኃ የምታስቀምጥበትን ዕቃ ሁሉ በጠበቀ ክዳን ክደን፤ ክዳን ካጣህ ሳሳ ያላለ ጨርቅ ወጥረህ በገመድ እሰረው፤ ክፍተት ከቀረ ግን አልከደንህም። በየሳምንቱ አንድ ቀን ዕቃውን ባዶ አድርገህ ውስጡን እሸው፤ የኤደስ እንቍላል በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወራት ይቈያልና ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። አሮጌ ጎማ ካለህ ከዝናም በታች አትተወው። ተቋራጭ ከሆንህ ጕድጓዱን ሥራው ባለቀበት ቀን ድፈነው፤ ሥራው ከቆመም በቆመበት ቀን። ልጅህ ወይም ሠራተኛህ ቢተኵስ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ ለጎረቤትህም ንገር።

ሹም ለሆንኸው አንባቢ ደግሞ የምለምንህ ነገር ወርቅም ብርም አያስፈልገውም። ቧንቧ በየሰፈሩ እስኪበቃ ድረስ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እስኪመጣ ግን ውኃው ወደ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚመጣ አስታውቅ፥ ያስታወቅኸውንም ቀን ጠብቅ። ያች እናት በርሜልዋን ለማጠብ የማትደፍረው ነገ ውኃ መምጣቱን ስለማታውቅ ነው፤ ያላትን ደፍታ ልጆችዋን በጥም ልትቀጣ አትችልምና። ማክሰኞ እንደሚመጣ ብታውቅ ግን ሰኞ ማታ የቀረውን ለልብስ ታደርገዋለች፥ በርሜሉንም ገልብጣ ታሸዋለች።